አንድ ጠርሙስ ወይን፣ የማን ባንዲራ?

ከማያሚ ተነሥቶ የካሪቢያን ደሴቶችን በሚዞር የመዝናኛ መርከብ (በተለምዶ «ክሩዝ» በምንለው) ለመሄድ ትኬት የቆረጠ ሰው፣ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ሊያነበው የሚገባ አንድ ደንብ አለ። በካርኒቫል መርከቦች ላይ 21 ዓመት የሞላው ተሳፋሪ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወይን ወይም ሻምፓኝ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። አንድ ብቻ። እሱንም በመሳፈሪያው ቀን፣ በእጅ በሚያዝ ሻንጣ፣ ቡሹ ሳይነቀል። ውስኪ፣ ቮድካ፣ ቢራ አይታሰብም። በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ያንን ወይን በመመገቢያ አዳራሹ ልጠጣው ካለ ደግሞ የቡሽ መንቀያ 15 ዶላር ይከፍላል።

«የራሴን ወይን ለመጠጣት ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ አይመስልም። አንዳንዱም «የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ስለ መርከብ ወይን ምን አሳሰበው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከላይ ሲያዩት የቱሪስት ጭንቀት ነው። ግን ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ የዚህን ደንብ ሥር ስንቆፍር የምናገኘው ከወይን እጅግ የከበደ ነገር ነው። ዛሬ የዓለም መርከቦች የባለቤታቸውን አገር ባንዲራ ትተው የሌላ አገር ባንዲራ የሚሰቅሉበት ልማድ፣ በዚያም ምክንያት የመርከብ ሠራተኛ የትኛው አገር ሕግ እንደሚጠብቀው ግራ የሚጋባበት ሁኔታ፣ ከአንድ ብርጭቆ መጠጥ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

በመርከብ ላይ «ማን ይቀዳል?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜም «እዚህ የሚያዘው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ታሪኩን በቅደም ተከተል እንየው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

🔹 ወይን ከትኬቱ ጋር

የኩናርድ ኩባንያ «ብሪታኒያ» የተባለች የእንፋሎት መርከቡን በሐምሌ 1840 ከሊቨርፑል ወደ ሃሊፋክስና ቦስተን ላከ። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስም በጥር 1842 አትላንቲክን የተሻገረው በዚህችው መርከብ ነበር። እስከ ቦስተን የሚከፈለው 38 ጊኒ ሲሆን ምግብም ወይንም በዋጋው ውስጥ ነበር። ባለ ካቢኑ መንገደኛ ወይን ይዞ መሄድ አላስፈለገውም፤ ካፒቴኑ እንደ ቤት ጌታ፣ ተሳፋሪው እንደ እንግዳ ነበሩ። በእንግድነት ቤት ደግሞ ለጠጡት አይከፈልም።

ይህ ግን የላይኛው ክፍል ወግ ነው። በዚያው ዘመን ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ታጭቀው ወደ አሜሪካ የሚሰደዱት አየርላንዳውያንና ጀርመናውያን ድሆች ሌላ ዓለም ውስጥ ነበሩ። ለብዙ ጊዜ ስንቃቸውን ራሳቸው ይዘው ይሳፈሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወጡት የብሪታኒያ የተሳፋሪ ሕጎች የመርከብ ባለቤቶች ለስደተኛው ምግብና ውኃ እንዲያቀርቡ ሲያስገድዱ፣ በጉዞ ላይ ጠንካራ መጠጥ እንዳይሸጥለትም ከለከሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስደተኛው አሜሪካ ሲደርስ የሚቋቋምበትን ጥሪት በመርከቡ ውስጥ እንዳይጨርስ ተፈርቶ ነው።

ልብ በሉ፤ በአንድ መርከብ ላይ፣ በአንድ ባሕር ላይ፣ ሁለት ደንብ። ላይ ያለው ሰው ወይን ይቀዳለታል። ታች ያለው ይከለከላል፤ ይጠበቃልም። ያኔ ሕግ አውጪው ለታችኛው ተሳፋሪ ኪስ ማሰቡን አንርሳው፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

🔹 የመርከበኛው ድርሻ

ለሠራተኛው ደግሞ መጠጥ ራሽን ነበር። በብሪታኒያ ባሕር ኃይል መርከበኛ በየቀኑ ሩም የማግኘት መብት ነበረው። በ1740 አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን ስካሩ ስለበዛበት ሩሙ በአራት እጥፍ ውኃ ተበጥብጦ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲታደል አዘዘ። መርከበኞቹ በንዴት፣ አድሚራሉ ይለብሰው ከነበረው «ግሮግራም» ከተባለ ሻካራ ጨርቅ የተወሰደ ቅጽል ስሙን ለመጠጡ ሰጡትና «ግሮግ» አሉት። ራሽኑ እየቀነሰ ሄዶ ሐምሌ 31 ቀን 1970 ሙሉ በሙሉ ቀረ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቀድሞ በ1862 የሩም ራሽኑን አስቀርቶ ነበር። በ1914 ደግሞ የመኮንኖቹን ወይን ጭምር ከለከለ።

ደንብ ባለበት ደግሞ ኮንትሮባንድ አለ። በካሪቢያን ወደቦች የእንግሊዝ መርከበኞች ኮኮናት ይገዙ ነበር። አለቆቻቸው ፍሬ የሚበሉ መስሏቸው ያልፏቸዋል። ኮኮናቱ ግን ወተቱ ተደፍቶ በሩም የተሞላ ነበር! «ዝንጀሮዋን መጥባት» ይሉት ነበር ይህንን ዘዴ። ዛሬ የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ውስጥ ቮድካ ጨምሮ አረንጓዴ ቀለም ጠብ የሚያደርግበት ቱሪስት አዲስ ነገር የፈጠረ እንዳይመስለው። ቅድመ አያቶቹ በኮኮናት ቀድመውታል።

🔹 የደረቁ ዓመታት

ነገሩ የመንግሥታት ጠብ የሆነው በጥር 1920 ነው። አሜሪካ በሕገ መንግሥቷ 18ኛ ማሻሻያ የአልኮል መጠጥ መሥራትን፣ መሸጥን፣ ማጓጓዝን ከለከለች። በየብስ ላይ ምን እንደተከተለ ከፊልምም ከመጽሐፍም እናውቀዋለን። በባሕር ላይ የተከተለው ግን ብዙ አይወራም።

ጥያቄው ይህ ነበር፤ የአሜሪካ ሕግ የት ያበቃል? የግዛት ውኃዋ ያኔ ከባሕር ዳርቻ ሦስት የባሕር ማይል፣ ማለትም አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድራቸው መርከቦች ሳይቀሩ ሦስቷን ማይል እንዳለፉ ባራቸውን ይከፍቱ ነበር። ይህ ደግሞ የቢራ ጠማቂዎቹን የአንሃይዘር ቡሽ ባለቤቶች አናደደ። በ1922 ለፕሬዝዳንት ሃርዲንግ አቤቱታቸውን አቀረቡ፤ «እኛን ከልክላችሁ እናንተ ራሳችሁ በመንግሥት መርከብ ትቸረችራላችሁ?» የሚል መንፈስ ያለው አቤቱታ። እውነታቸውን ነበር።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሃሪ ዶኸርቲ ቁርጡን ተናገሩ። የአሜሪካ ባንዲራ ያለው መርከብ በየትኛውም ባሕር ላይ ደረቅ ይሁን። የውጭ አገር መርከብም የአሜሪካ ውኃ ውስጥ እስከገባ ድረስ፣ የተቆለፈበትም ቢሆን መጠጥ ይዞ አይገኝ።

ኩናርድን ጨምሮ የመርከብ ኩባንያዎች ወደ ፍርድ ቤት ሮጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 30 ቀን 1923 ነገሩን ለሁለት ከፈለው። የአሜሪካ መርከብ ከግዛት ውኃ ከወጣ በኋላ ክልከላው አይከተለውም። የውጭ መርከብ ግን ኒው ዮርክ ከገባ፣ ጠርሙሱ ታሽጎ መጋዘን ውስጥ ቢተኛም ሕግ ጥሷል።

አሁን ችግሩን አስቡት። የእንግሊዝ መርከብ ከሊቨርፑል ሲነሣ ለመመለሻው ጭምር መጠጥ ይጭናል። ኒው ዮርክ ሲገባ ግን ምንም ይዞ መገኘት የለበትም። ታዲያ ለመልሱ ጉዞ ምን ይሁን? ይባስ ብሎ አንዳንድ አገሮች ሕጋቸው ራሱ ለመርከብ ሠራተኛ ወይን እንዲታደል ያዝ ነበር። የአንዱ አገር ሕግ «ስጥ» ይላል፤ የሌላው «ይዘህ አትገኝ» ይላል። በሰኔ 1923 «ባልቲክ» እና «ቤረንጋሪያ» የተባሉት የእንግሊዝ መርከቦች በብሪታኒያ መንግሥት ማኅተም የታሸገ መጠጥ ይዘው ኒው ዮርክ ገቡ። የአሜሪካ ጉምሩክ የንጉሡን ማኅተም ሰብሮ መጠጡን ወረሰ።

ማኅተም መስበር በዲፕሎማሲ ዓለም ቀላል ነገር አይደለም። ለንደን ተቆጣች። ነገሩ የበረደው በጥር 1924 በተፈረመ ስምምነት ነው። ብሪታኒያ፣ ኮንትሮባንድ ጫኝ ተብለው የሚጠረጠሩ መርከቦቿ ከአሜሪካ ጠረፍ የአንድ ሰዓት ጉዞ በሚያህል ርቀት ውስጥ እንዲፈተሹ ፈቀደች። አሜሪካም በምላሹ የብሪታኒያ መርከቦች መጠጣቸውን ቆልፈው ወደቧ እንዲገቡ ተወችላቸው። ሁለት ኃያላን መንግሥታት በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ጠርሙስ ተዋዋሉ። ተመሳሳይ ውል ሌሎች አገሮችም ተከታትለው ፈረሙ።

🔹 ባንዲራ የቀየሩት ሁለት መርከቦች

ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ላይ ነው።

የዶኸርቲ ውሳኔ ሲወጣ ትልቅ አደጋ ላይ የወደቁት የአሜሪካ መርከቦች ነበሩ። ሀብታም አሜሪካዊ ወደ አውሮፓ ሲሄድ በእንግሊዝ መርከብ ላይ ከሦስት ማይል በኋላ ሻምፓኝ ይጠጣል። በራሱ አገር መርከብ ላይ ግን ሎሚናት። የትኛውን ይመርጣል? «ሌቪያታን» የተባለችው፣ በዘመኑ ከዓለም ግዙፍ መርከቦች አንዷ የነበረች የመንግሥት መርከብ፣ ደረቅ ሆና መንገደኛ ለመሳብ ስትታገል ኖረች።

ዩናይትድ አሜሪካን ላይንስ የተባለው የግል ኩባንያ ግን ሌላ መላ መታ። ባለቤቱ አቬረል ሃሪማን ይባላል፤ በኋላ በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር፣ ከዚያም የኒው ዮርክ ገዥ የሆነው ሰው። ኩባንያው «ሪላያንስ» እና «ሬዞሉት» የሚባሉ ሁለት የመንገደኛ መርከቦቹን በ1922 መጨረሻ ከአሜሪካ መዝገብ አስፍቆ በፓናማ መዝገብ አስመዘገባቸው። ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው። ተሳፋሪው አሜሪካዊ ነው። የሚነሣው ከኒው ዮርክ ነው። ከመርከቡ ጀርባ የሚውለበለበው ግን የፓናማ ባንዲራ ነው። በሕግ ዓይን መርከቡ ተንሳፋፊ ፓናማ ሆነ፤ ባሩም ተከፈተ።

ያኔ ጉዳዩ ቀልድ መስሎ ታይቶ ይሆናል። ዘዴው ግን ከመጠጥ ክልከላው በላይ ዕድሜ አገኘ። ክልከላው ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ተሻረ። «ባንዲራ በመቀየር ከሕግ ማምለጥ ይቻላል» የሚለው ትምህርት ግን አልተሻረም። በ1935 የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል የነዳጅ መርከቦቹን ወደ ፓናማ አዛወረ። በ1948 የቀድሞው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ስቴቲኒየስ በአፍሪካ ምድር፣ በላይቤሪያ ስም፣ ሌላ ክፍት መዝገብ አቋቋመ። ዛሬ የዓለምን የንግድ መርከቦች በመጫን አቅማቸው ስንለካ ላይቤሪያና ፓናማ ከፊት ተሰልፈው ይገኛሉ። መርከቦቹ የነሱ ሆነው አይደለም። ባንዲራው ነው የነሱ።

ለወይን ተብሎ የተከፈተው በር ለደመወዝ፣ ለሥራ ሰዓት፣ ለግብር ዋለ። አሜሪካዊ ሠራተኛ በአሜሪካ ደመወዝ መቅጠር የሚጠይቀው ሕግ፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የአገር ግብር፣ ሁሉም በአንድ የባንዲራ ለውጥ ይቀላል።

🔹 ርካሽ ትኬት፣ ውድ ብርጭቆ

የዛሬው የመዝናኛ ጉዞ ራሱ የነዚያ ደረቅ ዓመታት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ አትላንቲክን የሚሻገር ሀብታም ጠፋ። ትልልቆቹ መርከቦች ሥራ ፈትተው ከሚቆሙ ብለው ኩባንያዎቹ ከኒው ዮርክ ተነሥተው ወደ ቤርሙዳ፣ ናሳው፣ ሃቫና የሚሄዱ አጫጭር ጉዞዎች ጀመሩ። አንዳንዱ ጉዞ መድረሻ እንኳን አልነበረውም፤ ወደ ጥልቁ ባሕር ወጥቶ መመለስ ነው። የሚሸጠው ነገር አገር ማየት ሳይሆን ከሦስት ማይል ማዶ ያለው ብርጭቆ ነበር። ቅድም ማኅተሟ የተሰበረባት «ቤረንጋሪያ» በርካሽ ጉዞዎቿ የተነሣ በስሟ ተቀልዶ «ባርጌን ኤሪያ» ተባለች፤ እኛ «ቅናሽ ተራ» እንደምንለው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ጄት አውሮፕላን መጣና የመርከብ መንገደኛ አለቀ። መርከቡ ከመጓጓዣነት ወደ መዝናኛነት ተለወጠ። በ1972 ቴድ አሪሰን የተባለ ነጋዴ «ማርዲ ግራ» በተባለች ያገለገለች መርከብ ካርኒቫልን ጀመረ። መርከቧ በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ከማያሚ ወጣ እንዳለች አሸዋ ላይ ተቀመጠች። አሪሰን በ1974 ኩባንያውን ከነ5 ሚሊዮን ዶላር ዕዳው በአንድ ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ የተከተለው ስኬት ቀመሩ ቀላል ነው፤ ትኬቱን አርክስ፣ መርከቡ ላይ ሽጥ። ባሩ፣ ቁማር ቤቱ፣ ሱቁ ይሥራ።

ቁጥሩ ይናገራል። ካርኒቫል ኮርፖሬሽን በ2023 ካስገባው 21.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 7.5 ቢሊዮን ያህሉ ከትኬት ሽያጭ ውጪ፣ በአብዛኛው መርከብ ላይ ከሚሸጠው የተገኘ ነው። ከሦስት ዶላር አንዱ ማለት ነው። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱ ማያሚ አካባቢ ነው፤ በ1974 የተመሠረተው ግን በፓናማ ሕግ ነው። ተፎካካሪው ሮያል ካሪቢያንም ማያሚ ተቀምጦ የተመዘገበው በላይቤሪያ ነው። በ1923 ለእንግሊዝ መርከብ መብት ፍርድ ቤት የቆመው ኩናርድ ሳይቀር ዛሬ የካርኒቫል ንብረት ነው። መርከቦቹንም በ2011 ወደ ቤርሙዳ መዝገብ አዛውሯል። በይፋ የተነገረው ምክንያት በባሕር ላይ ጋብቻ ለማስፈጸም ነው።

አሁን የአንዷ ጠርሙስ ደንብ ትርጉሙ ይገባናል። በ1840 ተሳፋሪው ወይን ያልያዘው ስለተሰጠው ነው። በ1923 ያልያዘው መንግሥት ስለከለከለው ነው። ዛሬ የሚያግደው መንግሥትም እንግዳ ተቀባይም አይደለም፤ ነጋዴ ነው። የያዝካት ጠርሙስ ከባሩ ገበያ ላይ የምትቀነስ ናት። የቡሽ መንቀያዋ 15 ዶላር የዚያ ማካካሻ ናት። ካርኒቫል በ2015 ውኃና ለስላሳ በጠርሙስ ይዞ መግባትን ከልክሎ 12 ጣሳ ለስላሳ ብቻ ሲፈቅድ፣ በውኃ ጠርሙስ ቮድካ የሚያሳልፈውን ሰው አግኝቶ ነው። ከኮኮናቱ ዘመን ወዲህ ድመትና አይጡ አላረፉም።

በነገራችን ላይ ይህ ለኛ ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አዳራሽ ሠርግ የደገሰ ሰው «ኮርኬጅ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። በየካፌው በር ላይ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። በባህላችን ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ጠርሙስ ይዞ መግባት ማክበር ነው። ነጋዴ ቤት ግን ያው ጠርሙስ ጥቃት ነው። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ትርጉም። ልዩነቱ እንግዳ መሆንህና ደንበኛ መሆንህ ላይ ነው።

🔹 ታዲያ ወጉ ምንድን ነው?

በውጭ የምትኖሩ፣ ለእረፍት ወይም ለሠርግ በዓል በመርከብ የምትሄዱ አንባቢዎች ስላላችሁ ተግባራዊውን በአጭሩ ልበል።

▪️ ደንቡ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ሮያል ካሪቢያንም እንደ ካርኒቫል በመሳፈሪያ ቀን ለአንድ አዋቂ አንድ ጠርሙስ ይፈቅዳል። ዲዝኒ ለአንድ አዋቂ ሁለት ጠርሙስ ወይን ወይም ስድስት ቢራ፣ በመነሻም በየወደቡም ይፈቅዳል። ቫይኪንግ ያለ ቡሽ ክፍያ ይፈቅዳል። ደንቡ ስለሚቀያየር ትኬት ስትቆርጡ የወቅቱን አንብቡ።

▪️ ወይኑን ለመርከቡ በሚያስረክቡት ትልቅ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። በእጃችሁ ያዙት፣ ፍተሻው ላይ አሳዩት። በካርቶን የሚሸጠውን ወይን ብዙዎቹ አይቀበሉም።

▪️ በመንገድ ላይ ወደብ ወርዳችሁ የገዛችሁት ውስኪ አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ በር ላይ ተወስዶ ይቀመጥና በመጨረሻው ምሽት ወይም ስትወርዱ ይመለስላችኋል። ይህ ዘረፋ አይደለም፤ ደንብ ነው።

▪️ ጠርሙሱን ከመርከቡ የወይን ዝርዝር ላይ የሌለ፣ ለእናንተ ትርጉም ያለው አድርጉት። እዚያው የሚሸጠውን ወይን ከውጭ ይዞ መምጣት እንደ ንፉግነት ይታያል። ለልጃችሁ ልደት ወይም ለጋብቻ በዓላችሁ ያስቀመጣችሁት ከሆነ ግን ማንም አይታዘባችሁም።

▪️ ያልተጠጣው ከተረፈ ለአስተናጋጁ ንገሩት፤ የክፍል ቁጥራችሁን ጽፎ ለነገ ማታ ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል።

▪️ ከሁሉም በላይ አስተናጋጁን አትርሱት። ከባሩ በተገዛ መጠጥ ላይ ከ18 እስከ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል። የራሳችሁን ስትጠጡ ግን ያች ትቀራለች። ብርጭቆ ያመጣው፣ ቡሹን የነቀለው፣ የቀዳው ያው ሰው ነው። የገዛችሁ ያህል ቆጥራችሁ ጉርሻ ስጡት።

ስለዚህ ሰው ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

🔹 የሚቀዳው ሰው

በእነዚህ መርከቦች ላይ የሚያስተናግዱት በብዛት ፊሊፒናውያን፣ ኢንዶኔዥያውያን፣ ሕንዳውያን ናቸው። ኮንትራታቸው በተለምዶ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይሠራሉ። ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኙ ይደነግጋል። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ስሌቱን ገልብጣችሁ ካያችሁት በሳምንት እስከ 91 ሰዓት ማሠራት ይቻላል ማለት ነው። ማያሚ ከተማ ውስጥ ያለ ሆቴል ሠራተኛ ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራበት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያገኘው የአሜሪካ ሕግ ስለሚጠብቀው ነው። ወደቡ ላይ የቆመው ተንሳፋፊ ሆቴል ሠራተኛ ግን የባሃማስ ወይም የፓናማ ባንዲራ ሥር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሕግ አውጪ ታች ላለው ስደተኛ ኪስ አስቦ ነበር ብለናል። ያኔ መርከቡ የአገሩን ባንዲራ ስለሚሰቅል ፓርላማው የሚያዝበት መርከብ ነበረው። ዛሬ የብዙ አገር ፓርላማ በዜጎቹ ገንዘብ በሚሠራው መርከብ ላይ አያዝም።

ለኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ የሚመረቁ ወጣት መሐንዲሶቻችን የሚቀጠሩት በውጭ ኩባንያዎች የጭነት መርከቦች ላይ ነው። ደመወዛቸው አገር ቤት ላለው ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ ያኮራልም። ግን አንድ ልጃችን በሥራ ላይ ቢጎዳ፣ ደመወዙ ቢዘገይ፣ መርከቡ በባለቤቱ ተጥሎ ወደብ ላይ ቢቀር ወዴት ነው የሚጮኸው? ባለቤቱ አንድ አገር፣ ቀጣሪው ሌላ አገር፣ ባንዲራው ሦስተኛ አገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጣቱ ኮንትራት ሲፈርም ከደመወዙ ቁጥር ቀጥሎ ማየት ያለበት የመርከቡን ባንዲራ ነው። አሠልጣኞቹም አሠሪና ሠራተኛ አገናኞቹም ይህን ሊያስተምሩት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ተቃርኖ አለ። በ1921 በባርሴሎና በወጣ መግለጫ መንግሥታት የባሕር ጠረፍ የሌለው አገርም በራሱ ባንዲራ መርከብ የማስመዝገብ መብት እንዳለው አወቁ። ከ1993 ጀምሮ ጠረፍ አልባ የሆነችው ኢትዮጵያ በዚህ መብት መርከቦቿን ዛሬም በራሷ ባንዲራ ታንቀሳቅሳለች። በሁለት ውቅያኖስ መካከል ያለችው አሜሪካ ግን ከገዛ ወደቦቿ የሚነሡት ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሰው ባንዲራ ሰቅለዋል። ስለ ባሕር በር ቀን ከሌት በምንከራከርበት በዚህ ጊዜ ይህችን ማሰብ አይከፋም። ባሕሩ ላይ መድረስ አንድ ነገር ነው። ባሕሩ ላይ የሚሠራው ዜጋህ በማን ሕግ እንደሚተዳደር ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስለ ወደቡ የምናወራውን ያህል ስለ መርከበኛው አላወራንም።

የሃሪማን ሁለት መርከቦች ባንዲራ የቀየሩት ተሳፋሪው ሻምፓኝ እንዲጠጣ ነበር። ሻምፓኙ ያኔውኑ ተጠጥቶ አልቋል። ሂሳቡን ግን ከመቶ ዓመት በኋላም እየከፈለ ያለው ብርጭቆውን ይዞ የቆመው አስተናጋጅና ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ሞተር የሚጠግነው መሐንዲስ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በመርከብ የሠራችሁ ወይም የሚሠራ ቤተሰብ ያላችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩልን።

ቸር እንሰንብት።